በእናቴ ሠልስት የተነሳሁት ራጅ

እናቴን በቀበርን በሦስተኛው ቀን የእኔን ደረት ራጅ አነሱት። በዚያ ራጅ ምክንያት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይቅር አለኝ። ይቅር የተባልኩበት ምክንያት ግን የእኔ አልነበረም። ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ገና አልተነሳም ነበር፤ በተወለድኩባት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከእናቴ ጋር እኖር ነበር። ሥራዬ ፒያሳ አንድ መነጽር ቤት ውስጥ ነው፤ ከጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጬ ሌንስ እየሞረድኩ ከፍሬሙ ጋር አገጥማለሁ። ረጅም ነኝ፣ ቀጭን ነኝ። ሰፈር ውስጥ ኤልያስ ብሎ የሚጠራኝ ጥቂት ሰው ነው፤ ለሌላው "አንቴና" ነኝ። በቀን ስድስት ሰባት ሲጋራ አጨስ ነበር።

እናቴ ስትሮክ መትቷት ግራ ጎኗ ከተያዘ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። ጠዋት አጥባታለሁ፣ ልብሷን እቀይራለሁ፣ አጥሚት በማንኪያ እግታታለሁ፣ ከዚያ ለጎረቤታችን ለእትዬ ዘነበች አደራ ብዬ ወደ ሥራ እሮጣለሁ። በምሳ ሰዓት እየሮጥኩ እመለሳለሁ፤ ጀርባዋ እንዳይቆስል አገላብጣታለሁ፤ ደግሞ እሮጣለሁ። ማታም እንደዚያው። መጀመሪያ መጀመሪያ እያጠብኳት አወራት ነበር። በኋላ ወሬው አለቀብኝ። እሷም መናገር አትችል፤ ዝም ብዬ አጥባታለሁ፣ ዝም ብላ ታየኛለች። ታላቅ እህቴ ሰብለ ባለትዳር ናት፤ ሐዋሳ ነው የምትኖረው። ሁለት ሕፃናት ይዛ እንደ ልቧ መምጣት አትችልም ነበር።

እናቴ ሰኞ ጠዋት አረፈች፤ ማክሰኞ ቀበርናት።

ሰብለ ሰኞ ከሰዓት ደረሰች። ከመንገዱ መግቢያ ጀምራ እየጮኸች፣ ነጠላዋ መሬት እየተጎተተ መጣች። ሰው ደግፏት ወደ ቤት አስገባት። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። አቀፈችኝ፤ እኔም አቀፍኳት። ትከሻዬ በእንባዋ ራሰ። የእኔ ዓይን ግን ደረቅ ነበር። ማክሰኞ ሳጥኑ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድም ደረቅ ነበር። አፈሩ ሳጥኑ ላይ ሲወድቅ የሰማሁት ድምፅ የሌላ ሰው ቀብር ላይ የምሰማው ዓይነት ነበር።

ያንን ሁኔታ ማስረዳት ይከብደኛል። ጥርስ ስታስነቅሉ የማደንዘዣ መርፌ ከተወጋችሁ በኋላ ከንፈራችሁን ስትነኩት የሌላ ሰው ከንፈር ይመስላችኋል አይደል? እኔ ሙሉ ሰውነቴ እንደዚያ ነበር። እንባ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። ሰውም አብሮኝ ጠበቀ። ድንኳን ውስጥ የሚገባው ሰው መጀመሪያ ፊቴን ያያል፣ ከዚያ ጎኑ ካለው ጋር ይተያያል። "ልጁ ደነዘዘ" ሲሉ ሰምቻለሁ። "ጨከነ" ሲሉም ሰምቻለሁ። ሁለቱም እኩል ነበሩብኝ።

ረቡዕ ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። እትዬ ዘነበች የንፍሮ ሳህን አቀበሉኝ። እጄን ስዘረጋ ከቀኝ ብብቴ ትንሽ ዝቅ ብሎ አንድ ነገር ሰነጠቀኝ። ሳህኑ ከእጄ ወደቀ። ሕመሙ ወደ ትከሻዬ ወጣ፣ ወደ ጀርባዬ ዞረ፤ አየር ልስብ ስል ግማሽ ላይ ያዘኝ።

"ምነው ልጄ?" አሉ እትዬ ዘነበች።

"ወጋኝ።"

"የት ላይ?"

በእጄ አሳየኋቸው።

"ውጋት ነው። ብርድ ነው። ይኸው ድንኳኑ ከሥር ነፋስ ያስገባል፣ አንተ ደግሞ በሸሚዝ ትቀመጣለህ" አሉና ጃኬት አልብሰውኝ ዝንጅብል ሊያፈሉልኝ ገቡ።

ከፊቴ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። "ብርድ አይደለም፤ ሐዘን ነው። አልወጣለትም እኮ። ሐዘን ሲታመቅ እንዲህ ይወጋል። አልቅስ ልጄ፣ ይውጣልህ።"

አመንኳቸው። ብትስቁም ሳቁ፤ ደስ አለኝ። ለሁለት ቀን ምንም ያልተሰማኝ ሰውዬ፣ አንድ ነገር ተሰማኝ። በበር አልገባ ያለው ሐዘን በጎኔ መጣ ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ ታገስኩት። ዝንጅብሉን ጠጣሁ። እትዬ ዘነበች ጎኔን በቅባት አሹኝ። ተኝቼ መተንፈስ ስላልቻልኩ ግድግዳ ተደግፌ አደርኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእናቴ ያላለቀስኩት ዕዳ ነው፣ ይገባኛል አልኩ።

ሐሙስ ሠልስት ነበር። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ከሁሉም ኋላ ቀረሁ። አሥር እርምጃ እሄዳለሁ፣ ግድግዳ ይዤ እቆማለሁ። ድንኳን ስደርስ ከደብረ ብርሃን የመጡ ዘመዶቻችን ገብተው ልቅሶው እንደ አዲስ ተነስቶ ነበር። ሰብለ መሐል ቆማ ደረቷን ትመታለች። እኔ ጥግ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

"ኤልያስ፣ ተነስና ዘመዶችህን ተቀበል" አለችኝ።

"ቆይ... ትንሽ..."

"ቆይ ምንድነው?" ድምጿ ተሰነጠቀ። "እናትህ እኮ ናት የሞተችው! ሦስት ቀን ሙሉ አንዲት ዘለላ እንባ አጣህላት? ለጎረቤት ውሻም ይታዘናል እኮ!"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ልመልስላት አፌን ከፈትኩ፤ አንድ ቃል የምታህል አየር ብቻ ነበረኝ፤ እሷንም ለመተንፈስ ተጠቀምኩባት።

ያኔ ከሰዎች ጋር ካርታ ሲጫወቱ የቆዩት ጋሽ ተካልኝ ካርታቸውን ግጥም አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ጋሽ ተካልኝ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሆስፒታል ውስጥ ድሬሰር ሆነው ቁስል ሲያጥቡ፣ መርፌ ሲወጉ የኖሩ፣ ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ናቸው። ሰፈሩ ውስጥ እሳቸው ያልወጉት መቀመጫ የለም ይባል ነበር። ከጥግ ሆነው ሲያዩኝ ቆይተው ኖሯል። መጥተው ከፊቴ ቆሙ።

"አንተ አንቴና።"

"አቤት ጋሼ።"

"ጃኬትህን አውልቅ።"

"ይበርደኛል።"

"አውልቅ አልኩህ እኮ።"

አወለቅኩ። ጎንበስ ብለው ሸሚዜን ትኩር ብለው አዩት።

"ተንፍስ። ድገም። አንዴ ደግሞ።" ቀና አሉ። "ልጄ፣ ግማሹ ደረትህ አድማ መትቷል።"

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። አንድ እጃቸውን ጀርባዬ ላይ ዘርግተው በሌላው ጣታቸው መታ መታ አደረጉት፤ መጀመሪያ ግራውን፣ ቀጥሎ ቀኙን፤ ጆሯቸውን አስጠግተው። ልዩነቱን እኔም ሰማሁት።

"ግራው የሰው ድምፅ አለው። ቀኙ ባዶ ጄሪካን ነው።"

"ምን ማለት ነው ጋሽ ተካልኝ?" አለች ሰብለ። ድምጿ ገና አልበረደም።

"እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ገምቼ አልናገርም። ራጅ ይነሳ። አሁን።"

"ሠልስቷን ጥሎ የት ይሄዳል? ሰው ምን ይላል?"

"ሠልስቱ ያለ እሱ ይወጣል፣ ልጄ" አሉ ጃኬቴን ትከሻዬ ላይ እየጣሉ። "እሱ ግን ያለ ሳንባ አይወጣም። ተነስ።"

ከቤታችን እስከ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በደህና ቀን አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ያን ቀን ማለቂያ አልነበረውም። ጋሽ ተካልኝ ክንዴን ይዘው፣ እሳቸው ሰባ ዓመታቸው፣ እኔ ሃያ ዘጠኝ፣ የሚያየን ሰው ማን ማንን እንደሚደግፍ ግራ ይገባው ነበር። ካልሲና የስልክ ከቨር መሬት ላይ ዘርግቶ የሚሸጥ አንድ የማውቀው ልጅ "አንቴና፣ ነፍስ ይማር!" አለኝ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩለት።

ድልድዩ አጠገብ ያለች አንዲት ክሊኒክ ገባን። ውስጡ ጨለም ብሏል።

"ራጅ ነበር" አሉ ጋሽ ተካልኝ።

"መብራት ሄዷል አባባ" አለች እንግዳ ተቀባይዋ። "ጄኔሬተሩ ለአምፖልና ለኮምፒውተር ነው፤ ራጁን አይችለውም።"

"መቼ ይመጣል?"

"እሱን ብናውቀው!"

ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። እዚያው ብጠብቅ ግድ አልነበረኝም። መብራቱ ቢመጣም ባይመጣም ግድ አልነበረኝም። ጋሽ ተካልኝ ግን አገጬን ይዘው ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት።

"ከንፈርህ ምን ሆኖ ነው?"

"ሲጋራ ነው።"

"የሲጋራ ጥቁር አውቃለሁ። ይሄ ሰማያዊ ነው።" ወደ ውጭ ወጥተው በፉጨት ላዳ አስቆሙ። "አምስት ኪሎ። ቶሎ በል፣ በሽተኛ ይዘናል።"

ፒያሳ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ላዳዋ ቆመች። ስልኬ ጮኸ፤ ሰብለ ነበረች።

"የት ነህ? ዘመዶች ይጠይቁኛል፣ ምን ልበላቸው? በእናታችን ሠልስት ድንኳን ጥለህ..."

"ሰብ... ልዬ..." ቀጣዩ ቃል አልወጣልኝም።

ጋሽ ተካልኝ ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። "ሰብለ፣ እኔ ነኝ። ስሚኝ። ወንድምሽ ሦስት ቃል አከታትሎ መናገር አይችልም። እናትሽን መቅበር ቀላል ነው፣ ዕድሜዋን ጠግባለች። ሁለተኛ ድንኳን እንዳታስተክዪ። አምስት ኪሎ ነን፤ ስትፈልጊ ነይ" ብለው ዘጉት።

የምሠራበት መነጽር ቤት ከላዳዋ መስኮት ይታየኝ ነበር። ባልደረባዬ መስታወቱን እየወለወለ ነው። እኔ ብሞት እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ማንን እንደሚያስቀምጡ አሰብኩ። አንድ ልጅ ትዝ አለኝ፤ እጁ ጥሩ ነው፣ ይችላል አልኩ። ይኼንን ሳስብ ምንም አልደነገጥኩም። አሁን ላይ ሆኜ ስመለከተው የሚያስፈራኝ እሱ ነው፤ ሕመሙ አይደለም።

አምስት ኪሎ ያለው ክሊኒክ መብራት ነበረው። የራጅ ባለሙያዋ አጭር፣ ፈጣን ሴት ናት፤ ወረፋ የሚጠብቁት በዝተዋል።

"ከወገብ በላይ አውልቅ። አንገትህ ላይ ያለውን መስቀልም። ና፣ ደረትህን እዚህ ለጥፍ። አገጭህን ከፍ። ትከሻህን ወደ ፊት። እጅህን ወገብህ ላይ።"

ደረቴን የለጠፍኩበት የማሽኑ ሰሌዳ በረዶ ነው። እሷ ከመስታወቱ ጀርባ ገባች።

"ትንፋሽ በደንብ ሳብ... ያዝ... አትተንፍስ!"

ሳብኩ። ግማሽ ላይ ወጋኝና አመለጠኝ።

"ያዝ ነው እኮ ያልኩህ ወንድሜ!"

"አል... ቻልኩም።"

"እንደገና። እስከቻልክ ድረስ ሳብና ያዝ።"

ማሽኑ ጢጥ አለ። የሚቀጥለው "ልብስህን ልበስና ውጭ ጠብቅ" የሚል ይመስለኝ ነበር፤ ከእኔ በፊት ለገቡት ሁሉ እንደዚያ ስትል ሰምቻታለሁ። እሷ ግን ያን አላለችኝም። ከመስታወቱ ጀርባ ፊቷ በስክሪኑ ብርሃን ነጥቶ ቆመ። ከዚያ ወጣች፤ ድምጿ ተለውጧል፤ ልጅ እንደምታባብል ነው።

"እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ በል እሺ? እንዳትነሳ። ልብሱን ተወው።"

በሩን ሳትዘጋ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ እርምጃዋ ወደ ሩጫ ሲለወጥ ሰማሁ። "ዶክተር! ዶክተር፣ አንዴ ይህን እዪልኝ!"

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ከእኔ ብዙ አትበልጥም። ኦክስጅን አፍንጫዬ ላይ አድርጋልኝ፣ ጋሽ ተካልኝን አስገብታ፣ ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረችው።

"ይሄ ግራ ሳንባህ ነው" አለች በእስክሪብቶ እየጠቆመች። "እነዚህን ነጫጭ መስመሮች ታያቸዋለህ? እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እስከ ዳር ይሄዳሉ። የደም ሥሮች ናቸው። ሳንባው እስከ ጎድንህ ሞልቷል ማለት ነው። አሁን ቀኙን እይ።"

ቀኙ ጥቁር ነበር። ቅርንጫፍ የለው፣ ምን የለው። ልቤ አጠገብ ብቻ ጭብጥ የምታህል ነጣ ያለች ነገር ተጨማድዳ ተቀምጣለች፤ ዙሪያዋን ደግሞ እንደ ክር የቀጠነች መስመር።

"ይህቺ ክር የሳንባህ ጠርዝ ናት። ከእሷ ውጭ ያለው ጥቁር ሁሉ አየር ነው፤ ግን በተሳሳተ ቦታ። ከሳንባህ አፈትልኮ ደረትህ ውስጥ ገብቷል፤ ሳንባህን ጨምቆ አኮማትሮታል። ልብህንም ወደ ግራ መግፋት ጀምሯል። እሱ ነው ያልወደድኩት። መቼ ነው የጀመረህ?"

"ትናንት... ጠዋት።"

"እና እስካሁን የት ነበርክ?"

"ድንኳን።"

"ልቅሶ?"

"እናቴ።"

እስክሪብቶዋን አወረደች። ጋሽ ተካልኝ በእኔ ፈንታ ተናገሩ። "ሰው ሁሉ ሐዘን ነው ብሎት ነው ዶክተር።"

"ሐዘን ራጅ ላይ አይታይም" አለች ቀስ ብላ። "ይሄ ግን ይታያል። ረጅምና ቀጭን ወጣት ወንዶች ላይ ሳንባው ጫፍ ላይ ፊኛ የመሰሉ ትንንሽ ነገሮች ይኖራሉ፤ ሳይታሰብ ይፈነዳሉ። ታጨሳለህ?"

"አጨሳለሁ።"

"አጨስ ነበር በል።" ስልክ አነሳች።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። በክሊኒኩ መኪና፣ ኦክስጅን እንደተሰካልኝ፣ ወደ አንድ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ቀኝ እጄን ከጭንቅላቴ በላይ አንስተው፣ ከብብቴ በታች ማደንዘዣ ወጉኝ፤ በሁለት ጎድኖቼ መሐል ቀደው ጣት የሚያህል ቱቦ አስገቡ። ማደንዘዣው ቆዳውን እንጂ ውስጡን አልያዘውም፤ ሲገፉት ዓይኔ ጨለመ። የቱቦው ሌላኛው ጫፍ መሬት ላይ በተቀመጠ ጠርሙስ ውስጥ፣ ውሃ ውስጥ ገብቷል። ወዲያው ጠርሙሱ መንፈቅፈቅ ጀመረ።

"እሱ ነው" አለ ሐኪሙ። "ሲያፍንህ የነበረው አየር እየወጣ ነው።"

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አንድ ሙሉ ትንፋሽ ሳብኩ። እስከ ታች ድረስ ገባ። ከረቡዕ ጀምሮ እንደዚያ አልተነፈስኩም ነበር። ነርሷ "ዳንክ አይደል?" አለችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። አሁን ይመጣል ብዬ እንባውን ጠበቅኩ፤ የዘጋው ነገር ተከፍቷልና። አልመጣም።

ጋሽ ተካልኝ ደውለው የት እንዳለን ነግረዋት ሰብለ ከነሐዘን ልብሷ እየሮጠች ደረሰች። ጋሽ ተካልኝ የራጁን ፊልም ወደ መስኮቱ አንስተው አሳዩዋት። "ይሄ ግራው ነው። ይሄ ቀኙ። ቀኙ ውስጥ የምታዪው ነገር አለ?" አየችው፤ ጠርሙሱን አየች፤ እኔን አየች። አልጋው ሥር ተንበርክካ እግሬን ያዘች።

"ወንድሜ! ሳንባህ ተኮማትሮ ነው እኮ! እኔ ደግሞ በሰው ፊት... ይቅር በለኝ፣ ኤልዬ፣ ይቅር በለኝ!"

"ግድ የለም" አልኳት።

በዚያ ቀን ማታ ዶሮ ማነቂያ ሁሉ ሰምቷል። አርብና ቅዳሜ ጠያቂው አልጋዬን ከበበው። ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚለው። "አይ አንተ ልጅ፣ እኛ እኮ የጨከንክ መስሎን!" "እንዴትስ ያልቅስ? ትንፋሽ የለው!" "ሐዘኑ ሳንባውን አፈነዳው!" እትዬ ዘነበች "ያን ቅባት ስቀባህ የነበረው ምን ላይ ነው ታዲያ!" እያሉ አለቀሱ። ሰብለ ለመጣው ሁሉ ፊልሙን እያወጣች ታሳያለች። እኔ ትራስ ተደግፌ እሰማለሁ። አንድም ቃል አላስተባበልኩም። ምቹ ነበር። ጨካኝ ከመባል ሳንባው የተኮማተረ መባል ይሻላል።

እሁድ ከሰዓት ጠያቂው ሄዶ እኔና ሰብለ ብቻችንን ቀረን። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች። ጠርሙሱ መንፈቅፈቅ አቁሟል።

"ሰብልዬ" አልኳት። "ውጋቱ የጀመረኝ ረቡዕ ነው።"

"አዎ፣ ምስኪን።"

"እማዬን የቀበርናት ማክሰኞ ነው።"

መላጧን አቆመች።

"ማክሰኞ ሳንባዬ ደህና ነበር። ሰኞም ደህና ነበር። የሚከለክለኝ ነገር አልነበረም። ለሰው የምትነግሪው ነገር ልክ አይደለም።"

"ኤልዬ፣ ተወው አሁን።"

"ልንገርሽ። ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ላጥባት ውሃ አሙቄ ገባሁ። እጇን ስይዘው ቀዝቅዟል። ወዲያው ገባኝ። አልጮህኩም። ማንንም አልጠራሁም። ውሃውን መልሼ ወሰድኩት፤ ሻይ አፈላሁበት። አጠገቧ ተቀምጬ ጠጣሁ። ሁለት ብርጭቆ። ፀሐዩ ሲወጣ ነው እትዬ ዘነበችን የጠራሁት።"

ብርቱካኑ እጇ ላይ እንዳለ ቀረ።

"ስትጠጣ ምን አሰብክ?" አለችኝ በመጨረሻ።

"ዛሬ አልሮጥም አልኩ። ሌላ ምንም።"

ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ። ተነስታ ትሄዳለች ብዬም ጠበቅኩ። እሷ ግን በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ተናገረች፤ ድንኳን ውስጥ ከሰማሁት ድምፅ ፍጹም የተለየ ዝቅ ያለ ድምፅ ነበር።

"እኔ ከመንገዱ መግቢያ ጀምሬ ለምን እንደዚያ እንደጮህኩ ታውቃለህ? በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ነው የመጣሁት። ሰው ያውቃል። ከእኔ የበለጠ ጮሆ የሚሰማ እንዳይኖር ነው የጮህኩት። አንተ ደግሞ ዝም ብለህ ስትቀመጥ... ዝምታህ እኔን የሚከስ መሰለኝ። ለዚህ ነው የተሳደብኩት።"

"አልከሰስኩሽም።"

"አውቃለሁ። አንተ ማንንም አትከስም። እሱ ነው የከበደኝ።" ብርቱካኑን ከፍላ ግማሹን ሰጠችኝ። "ይህን የሻዩን ነገር ለማንም እንዳትናገር።"

"እሺ።"

በላን። ስንጨርስ ልጣጩን በነጠላዋ ጫፍ ሰብስባ ጣለችና አልጋው ላይ ከእግሬ ሥር ጋደም አለች። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። ከመጣች ጀምሮ አልተኛችም ነበር። እግሬን እንዳላንቀሳቅስ ተጠንቅቄ ቆየሁ።

ማክሰኞ እንደገና ራጅ አነሱኝ። ቀኙም እንደ ግራው ቅርንጫፍ አውጥቶ ጎድኔ ድረስ ሞልቷል። ቱቦውን ነቀሉልኝ፤ በሦስተኛው ቀን ቤቴ ገባሁ። ሲጋራ ከዚያ ወዲህ አፌ አልደረሰም። አሁን ዶሮ ማነቂያ የሚባለው ሰፈራችን ተነስቷል፤ ሰዉም ተበታትኗል። ጋሽ ተካልኝ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ስሄድ ደረጃውን ወጥቼ በራቸው ላይ ስቆም "ተንፍስ እስኪ" ይሉኛል፤ ሸሚዜን ያያሉ፤ ከዚያ ነው ግባ የሚሉኝ።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ከዚህ የምትወስዱት አንድ ነገር ቢኖር ቀላሉን አስቀድሜ ልናገር። ድንገት ጎኑን ወግቶት ትንፋሽ የሚያጥረውን ሰው ብርድ ነው፣ ሐዘን ነው እያላችሁ አታስቀምጡት። ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ ራጅ ይነሳ። ጋሽ ተካልኝ ካርታቸውን ባያስቀምጡ ኖሮ፣ ዶክተሯ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ያቺን ሐሙስ ላልጨርሳት እችል ነበር።

ከባዱ ሌላው ነው። አሁን ልቅሶ ቤት ስሄድ ዓይኔ የሚፈልገው የሚያለቅሰውን አይደለም። ጥግ ይዞ፣ ፊቱ ባዶ ሆኖ የተቀመጠውን ነው። ብዙ ጊዜ ያ ሰው ለወራት ወይም ለዓመታት ሲያስታምም የኖረው ነው። አጠገቡ እቀመጣለሁ። አልቅስ አልለውም። ሳንባው ደህና ሊሆን ይችላል፤ ምክንያት እንዲኖረውም አልጠይቀውም። "እንቅልፍ ተኝተሃል?" እለዋለሁ። ለአብዛኞቹ ይህን የጠየቃቸው የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ።

ይህን እንድጽፍ የፈቀደችልኝ ሰብለ ናት። "ለማንም እንዳትናገር ብለሽኝ ነበር እኮ" ስላት "ያኔ ነዋ፤ ስሜን ብቻ ቀይረው" አለችኝ። ቀይሬዋለሁ።

ታዲያ በመጨረሻ መቼ አለቀስክ ትሉኝ ይሆናል። አላለቀስኩም። እስከ ዛሬ። ድሮ ይኼ ያሳፍረኝ ነበር፤ አሁን መጠበቁን ትቻለሁ። ሰብለ በየእሁዱ ከሐዋሳ ትደውላለች። ደህና ነህ ወይ ብላ አትጀምርም፤ ደህና ነኝ ማለት እንደማይከብደኝ ታውቃለች። "ዛሬ ምን በላህ?" ነው የምትለኝ። የበላሁትን አንድ በአንድ እነግራታለሁ፤ እሷም እስከ መጨረሻው ታዳምጠኛለች።